ሀሪኬኑ በየት በኩል ነው? ከኮልፌ ሆነው መንገዱን የሚከታተሉበት ዘዴ

ነሐሴ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሀሪኬን ሃርቪ ቴክሳስ ውስጥ ሮክፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በኩል ወደ ምድር ገባ። እኔ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ባለው ቤታችን ሆኜ ካርታውን ስልኬ ላይ አየሁና ሂዩስተን ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። «ተመስገን ነው፤ ከእናንተ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው የገባው። በቃ አልፏችኋል፤ ተኛ» አልኩት። አመነኝ፤ ተኛ። በማግሥቱ ሌሊት ውኃው መኪናውን ዋጠው፤ እሱም ልጆቹን ተሸክሞ ፎቅ ላይ ካለ ጎረቤት ቤት ተጠጋ። ሃርቪ ቴክሳስ ላይ ለቀናት ተንጠልጥሎ ቆይቶ አንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። አዲስ አበባ በዓመት ከጥር እስከ ጥር የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ያን ቀን ያየሁት አንዲት ቀጭን መስመር ነበር። ስፋቱን አላየሁም፤ ፍጥነቱን አላየሁም፤ ስለ ዝናቡ የተጻፈውን አንቀጽ አላነበብኩም። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ አንድ ደብተር ይዤ ሀሪኬን እከታተላለሁ። የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው በሰፈራችን ብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ ነው። ልጁ አትላንታ ወይም ፍሎሪዳ ያለ አባት አለ፤ ባሏ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሚስት አለች፤ እኅቱ ኦማን ሰው ቤት የምትሠራ ወንድም አለ። ከሁሉ በላይ የማስበው ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ የሄዱትን እናቶች ነው። ልጅቱ ሥራ ስትገባ እናት ከሕፃኑ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ስልካቸው በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ምን እንደሚል የሚነግራቸው ሰው የለም። ያን ሰዓት ኮልፌ ሆነው ካርታውን በአማርኛ የሚያነቡላቸው እርስዎ መሆን ይችላሉ።

ዘመኑን ይወቁ

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ገደማ ነው። ከጫፍ የሚደርስበት ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ሲሆን በእኛ ጳጉሜ 5 ማለት ነው። እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የምንገዛበት ሳምንት እዚያ ባሕሩ ከመቼውም ይልቅ የሚፈላበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስቀል ማግሥት ድረስ ዓይንዎን አይንቀሉ።

ይህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ቢያዩ ወጨጫ ተራራ ላይ ደመናው እንደ ጎመን እየተደራረበ ሲነሣ ያዩታል። በእኛ ደጋዎችና ከእኛ በስተ ምዕራብ በሱዳን ምድር ላይ እንዲህ ያለው የነጎድጓድ ደመና ሲከማች፣ ከፍ ባለው አየር ላይ ወደ ምዕራብ የሚፈሰውን ነፋስ ያናውጠዋል። መናወጡ ሞገድ ይሆንና ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን አቋርጦ በሴኔጋልና በጊኒ ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። በየ3 ወይም በየ5 ቀኑ አንድ ሞገድ ይወጣል፤ በዓመት ወደ 60 ይደርሳል። አብዛኛው ባሕር ላይ ይሟሽሻል። ጥቂቱ ግን ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ በላይ የሆነ የባሕር ውኃ ሲያገኝ መሽከርከር ይጀምራል፤ ከብርቱዎቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች የሚበዙት የዚህ ሞገድ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣውን ሀሪኬን አልቤርቶን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከትለው መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ የነጎድጓድ ደመና መሆኑን ጽፈዋል። እኛ ጃንጥላ የዘረጋንለት ደመና ቅሪት ከሳምንታት በኋላ የዘመዶቻችንን በር ሊያንኳኳ ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ነገሩ የሩቅ ሀገር ወሬ ሆኖ አይታየኝም።

በራስዎ ሰማይ ይለማመዱ

ካርታ ከመያዝዎ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መስኮትዎ አጠገብ ይቀመጡ። መብረቁ ብልጭ ሲል ይቁጠሩ፤ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ለ3 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ከቆጠሩ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግመው ሲቆጥሩ 18 ሰከንድ ከሆነ 6 ኪሎ ሜትር ቀርቷል። በ10 ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ቀርቧል፤ በዚሁ ከቀጠለ በ15 ደቂቃ ራስዎ ላይ ነው። ልብሱን ከገመድ ማውረዱ ግን ደመናው ገና ሩቅ ሳለ ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ከቤት አይውጡ።

አሁን የሠሩት ሥራ የሀሪኬን ትንበያ ሥራ ነው፦ የት ነበር፣ አሁን የት ነው፣ በምን ፍጥነት ይመጣል፣ መቼ ይደርሳል። ልዩነቱ የኮልፌው ደመና በሩብ ሰዓት ሲደርስ የአትላንቲኩ ሳምንት መፍጀቱ ነው።

ደብተሩና ሰዓቱ

አስተማማኙ ምንጭ ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ነው። መግለጫ በቀን 4 ጊዜ ያወጣል፤ ሰዓቱ ደግሞ ለእኛ የተሠራ ይመስላል፦ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ሌሊት 6 ሰዓት። አሜሪካኖቹ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ እንኳ ይህ በእኛ አቆጣጠር አይለወጥም። ሀሪኬኑ ወደ ምድር ሲጠጋ በየመካከሉ ተጨማሪ መግለጫ ይወጣል። ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት ካዩ ይበቃዎታል። በየደቂቃው ስልክ መነካካት ዳታ ይጨርሳል፤ ልብም ያደክማል።

አንድ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ይግዙ። በግራ በኩል ኬክሮስን፣ ከታች ኬንትሮስን ይጻፉ፤ አንዱ ካሬ አንድ ዲግሪ ይሁን። የዘመድዎን ከተማ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉበት። ሂዩስተን በሰሜን 29.8፣ በምዕራብ 95.4 ዲግሪ ላይ ናት። ከዚያ በየመግለጫው አምስት ነገር ይገልብጡ፦ እምብርቱ ያለበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የሚሄድበትን አቅጣጫ፣ የሚሄድበትን ፍጥነት፣ የነፋሱን ብርታት፣ ብርቱው ነፋስ ከእምብርቱ እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ። አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም የዘለልኩት እሱን ነበር። በማይል የተጻፈውን በ1.6 ሲያባዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። ቀን 6 ሰዓት በወጣው መግለጫ እምብርቱ ከሂዩስተን በስተ ደቡብ ትክክል፣ በሰሜን ኬክሮስ 24 ዲግሪ ላይ ነው እንበል፤ ወደ ሰሜን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከ29.8 ላይ 24 ሲቀነስ 5.8 ዲግሪ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ርቀቱ 644 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል 32 ሰዓት። «ገና 32 ሰዓት አላችሁ» ብለው እንዳይደውሉ! ብርቱው ነፋስ ከእምብርቱ 200 ኪሎ ሜትር ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ የቀረው መንገድ 444 ኪሎ ሜትር፣ የቀረውም ጊዜ 22 ሰዓት ብቻ ነው። ያ በእኛ በማግሥቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይውላል። ሂዩስተን በክረምት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ እዚያ ውድቅት ነው፣ በእኛ አባባል ሌሊት 8 ሰዓት፣ በእነሱ አባባል 2። በዚያ ጨለማ ውስጥ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ውኃ መግዛቱ፣ ነዳጅ መሙላቱ፣ ከቤት መውጣት ካለም መውጣቱ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። 32 የነበረው ሰዓት ተሸራርፎ አንድ የሥራ ቀን ሆነ።

ለምሥራቁ የሰዓት ክልል፣ ማለትም ለአትላንታ፣ ለፍሎሪዳ አብዛኛው ክፍልና ለዋሽንግተን፣ በክረምት 7 ሰዓት ይቀንሱ።

ሁለት ቃላትም አይቀላቅሉ። «ሀሪኬን ዋች» ማለት ብርቱው ነፋስ ሊመጣ ይችላል፣ 48 ሰዓት ያህል አላችሁ ማለት ነው። «ሀሪኬን ዋርኒንግ» ሲባል ግን መምጣቱ ይጠበቃል፤ 36 ሰዓት ያህል ነው ያለው።

ከመስመሩ ይልቅ ስፋቱን

ካርታው ላይ ከእምብርቱ ተነሥቶ እንደ መለከት አፍ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ሥዕል ያያሉ። ብዙ ሰው ይህን የሀሪኬኑ መጠን ይመስለዋል። አይደለም። ትንበያው ስንት ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ባለፉት 5 ዓመታት የተፈጠሩትን ስሕተቶች ለክተው ነው የሚሠሩት፤ እምብርቱ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል በመለከቱ ውስጥ ያልፋል፤ በሦስተኛው ይወጣል። የአንድ ቀን ትንበያ በአማካይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል፤ የአምስት ቀኑ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ዘመድዎ ከመለከቱ ጫፍ ጥቂት ውጭ መሆኑ «ነፃ ነህ» ለማለት አያበቃም፤ ነፋሱና ዝናቡ ከመለከቱ ውጭ ይደርሳሉና።

መለከቱ ለምን ወዲያና ወዲህ እንደሚታጠፍ ማወቅም ይረዳል። ሀሪኬን በራሱ ጉልበት የሚሄድ አይደለም፤ ቦይ ላይ እንደ ወደቀ ቅጠል ዙሪያው ያለው ነፋስ ይገፋዋል። አትላንቲክ ላይ ትልቅ የከፍተኛ ግፊት አየር ተኝቷል። ሀሪኬኑ በዚያ አየር ደቡባዊ ጠርዝ ወደ ምዕራብ ይነዳል፤ ዳርቻው ሲያልቅ ወደ ሰሜን፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል። የት ላይ ይታጠፋል የሚለው ነው ትንበያውን የሚያስቸግረው። የሚገፋው ነፋስ ሲደክም ደግሞ እንደ ሃርቪ ባለበት ይቆማል፤ ያኔ ዝናቡ አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ደብተርዎ ላይ ነጥቦቹ እየተጠጋጉ ከመጡ ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው፤ ልብ ይበሉ።

የግራና የቀኝ ነገርም አለ። ፊትዎን ሀሪኬኑ ወደሚሄድበት አዙረው ቢቆሙ በቀኝ እጅዎ በኩል ያለው ይከፋል፤ እዚያ የሚሽከረከረው ነፋስና የጉዞው ፍጥነት ይደመራሉ፤ ባሕሩንም ወደ ምድር የሚገፋው ያ ወገን ነው። ዘመድዎ ከመስመሩ በስተ ቀኝ ባሕር ዳር ከሆነ ቀድመው ይደውሉ።

ዜና ላይ የሚሰሙት ደረጃ ነፋሱን ብቻ ይመዝናል። 1ኛ ደረጃ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ 5ኛው ከ252 በላይ ነው። ስለ ውኃው አንድም አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2012 በቀጥታ በእነዚህ አውሎ ነፋሶች ከሞቱት 10 ሰዎች 9ኙን ያህል የገደለው ውኃ ነው፦ የባሕር ሙላት፣ የዝናብ ጎርፍ፣ ማዕበል። እኛም ይህን በራሳችን እናውቀዋለን። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የሞተው ዝናቡ ከከተማው በላይ ባሉት ደጋዎች ላይ ወርዶ ነው።

የእናቴ ሰዓት

መስከረም 2017 ዓ.ም. እናቴ እኅቴን ልታርስ አትላንታ አቅራቢያ ነበረች። የምትተኛው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ወንዝ አለ። ሀሪኬን ሄለን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ፍሎሪዳ ሲያቀና በደመራ ዋዜማ ደብተሬን ከፈትኩ። ፍጥነቱ አስፈራኝ፤ እንዲህ የሚሮጥ ሀሪኬን ሳይደክም መሀል ሀገር ይገባል። መግለጫውን እስከ መጨረሻው ወረድኩና የዝናቡን አንቀጽ አነበብኩ። ከሃርቪ ወዲህ ሁልጊዜ እሱን ነው አስቀድሜ የምፈልገው።

እናቴ አሜሪካ ሄዳም የእጅ ሰዓቷን አልቀየረችም፤ ኢትዮጵያ ስንት እንደሆነ እያየች «አሁን ቅዳሴ ወጣ» ትላለች። ለዚህ ጉዳይ ያ ሰዓት ጠቀመን። በደመራ ማታ 12 ሰዓት የወጣውን መግለጫ አይቼ ደወልኩ። «እማዬ፣ ሰዓትሽ ንጋት 12 ሲል ፍሎሪዳ ይገባል። ወደ ቀን 6 ሲጠጋ እናንተ ጋ ይብሳል። ዛሬ እዚያ ምድር ቤት እንዳትተኚ፤ ሕፃኑን ይዘሽ ላይ ውጪ» አልኳት። «እኔ ምን አለኝ፣ የእሷ ዕቃ ነው እዚህ ያለው» አለች። «ዕቃው ይቅር» አልኳት።

ሄለን በመስቀል ዕለት ንጋት፣ በእኛ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ 4ኛ ደረጃ ሆኖ ፍሎሪዳ ገባ። እምብርቱ ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ አለፈ፤ መስመሩን ብቻ ያየ ሰው ተርፈናል ይል ነበር። በ48 ሰዓት ግን ከተማዋ ላይ 282 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወረደ፤ አዲስ አበባ በሙሉ ነሐሴ ከምታገኘው ጋር የሚቀራረብ። እኅቴ ቤዝመንት ውኃ ገባ፤ እናቴ የተኛችበት ፍራሽ ተንሳፈፈ። እነሱ ላይ ነበሩ። ሀሪኬኑ ከገባበት የባሕር ጠረፍ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሰሜን ካሮላይና ተራራማ ምድር ደግሞ ጎርፉ መንደር ጠርጎ ወሰደ። በሄለን የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነው።

ስለ ክሮቹ

በቴሌግራምና በቲክቶክ ባለ ብዙ ቀለም ክር የተዘረጋበት ካርታ ይላክልዎታል። እያንዳንዱ ክር አንድ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ማዕከላት የሚሠሯቸው ይታወቃሉ። ክሮቹ ተጠጋግተው ከሄዱ ትንበያው ጠንካራ ነው፤ እንደ ተፈታ ጥጥ ከተበታተኑ ማንም እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው። ከመካከላቸው የሚያስፈራውን አንዱን ክር መርጦ «በ10ኛው ቀን ማያሚ ትጠፋለች» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አያስተላልፉለት። የማያሚው ማዕከል መግለጫ እነዚህን ክሮች ሁሉ አይቶ በባለሙያ የተመዘነ ነው፤ እሱን ይያዙ።

ጅቡቲና ኦማን ዘመድ ላላችሁ

እዚያ ስሙ ሳይክሎን ነው፤ ነገሩ አንድ ነው። የዓረብ ባሕር ሳይክሎን ወቅቱ ሁለት ነው፦ ከሚያዝያ እስከ ሰኔና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ገደማ። መግለጫውን የሚያወጣው ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሳይክሎኑ ሲበረታ በየ3 ሰዓቱ ያወጣል። ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳይክሎን ሳጋር በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደ ምዕራብ ጠልቆ ሶማሌላንድ ገባ፤ ጅቡቲን አጥለቀለቀ፤ በሶማሌ ክልላችንም ጉዳት አደረሰ። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጋቲ ፑንትላንድን መታ። መስከረም 2014 ሻሂን ሰሜን ኦማንን አጥለቀለቀ። በ2010 ግንቦትና በ2011 ጥቅምት የዓረብ በረሃን ያራሱት መኩኑና ሉባን ደግሞ የበረሃ አንበጣ አራብተው፣ መንጋው በ2012 እኛ ማሳ ላይ አረፈ። ደብተሩ፣ ስሌቱ፣ የቀኝ እጁ ሕግ እዚህም ይሠራል። ጅቡቲ ሰዓቷ ከእኛ እኩል ነው፤ ኦማን በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ለሾፌሩ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፦ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ አይተኛ።

ሲደውሉ

አስፈሪ ድምፅ ይዘው አይደውሉ። ሰዓቱን ይንገሩ፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይንገሩ፣ የሚሠራውን አንድ ነገር ይንገሩ፤ ከዚያ ያድምጡ። በዚያ ያሉት ባለ ሥልጣናት ውጡ ካሉ የእርስዎ ስሌት ምንም ቢል «ውጡ» ይበሉ። መብራትና ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ነፋሱ ከመድረሱ በፊት «ከዚህ በኋላ የምንደዋወለው በዚህ ሰዓት ነው» ብለው ይቀጣጠሩ፤ ቀጠሮ ካለ የሁለት ቀን ዝምታ ቤተሰብን አያሳብድም።

ይህን ሁሉ ግን ሀሪኬኑ ከመነሣቱ በፊት ነው የሚጀምሩት። ዛሬ ማታ ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቤቱ ከባሕርና ከወንዝ ምን ያህል ይርቃል? ከቤት ውጡ ሲባል የምትጠሩት በየትኛው ዞን ነው? መኪና የሌላት እናታችን በማን መኪና ትወጣለች? መልሱን ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፉት።